ለአያቴ ያልተነሣሁ ዕለት

ይህን ታሪክ በአፍሽ ተናገሪ ብትሉኝ አልችልም። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም፤ ስለዚህ ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ። የጽሕፈቴን ጉድለት እለፉልኝ፤ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ጣሊያን ገባና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

ስሜ ደብሪቱ ይባላል። ያን ጊዜ የምኖረው ደብረ ማርቆስ፣ ከአባቴ እኅት ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር ነበር። እናቴ ገና ሕፃን ሳለሁ ሞታለች። አባቴ ጣሊያን ሲመጣ ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ ገብቷል። ያሳደጉኝ የአባቴ አባት ናቸው፤ አባባ እላቸዋለሁ። ዲማ ላይ ብራና ፋቂ ናቸው፤ የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ አለስልሰው ለጸሐፊዎች ያቀርባሉ። በሥርዓት ነገር ከአባባ ጋር ቀልድ የለም። ታላቅ ሰው ሲገባ ብድግ ያላለ ልጅ ከእሳቸው ቤት እራቱን አይበላም። እኔም ከእግሬ ቀድሞ መነሣትን የለመደው ወገቤ ነው።

ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሩቅ አያይም። ከክንዴ ያለፈ ነገር ሁሉ ጉም ነው። ጉም መሆኑን ግን አላውቅም ነበር፤ ሰው ሁሉ እንደኔ የሚያይ ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለሁ ከሰሌዳው ሥር ተወሽቄ እቀመጣለሁ። ቤተ ክርስቲያን ዳዊቴን ስደግም ገጹን ከአፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ ነው። ይህን ያዩ ሴቶች፣ «እያንዳንዱን ቃል እየተሳለመች ነው የምትደግም፤ እንዴት ያለች መንፈሳዊት ልጅ ናት!» ይሉ ነበር። መንገድ ላይ የማውቀውን ሰው ሳልሰላም አልፋለሁ፤ ግማሹ ኩራት ነው ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ጨዋ ስለሆነች ቀና ብላ አታይም ይላል። በቅርብ የሚሠራ ነገር ሲሆን ግን ማንም አይደርስብኝም። የሰፋሁትን ሙዳይ ያየ ሁሉ ስፌቱ የሸረሪት ሥራ ነው ይላል። በዚያው ነበር እኔና እትዬ የምንተዳደረው። የምሰፋውም በቀኝ ዓይኔ ነው፤ ግራው ያኔም ደካማ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በስቅለት ዕለት ነው።

እንደምታውቁት በስቅለት ቀን ስግደት ነው የሚዋለው። ከእትዬ ጎን ሆኜ እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ። ፀሐይ ዘወር ስትል፣ ከአንዱ ስግደት ቀና ስል፣ በቀኝ ዓይኔ ጠርዝ ላይ አንዳች ነገር እንደ መብረቅ ብልጭ አለ። ዞሬ አየሁ፤ ምንም የለም። ደግሜ ሰገድኩ፤ ደግሞ ብልጭ።

«እትዬ፣» አልኳት በሹክሹክታ፣ «ብርሃን ብልጭ ይልብኛል።»

«የት?»

«እዚህ፣ በጎኔ። ስሰግድ ይመጣል፤ ስቆም ይጠፋል።»

እትዬ እጄን ጨበጠችው። ሌላ ቀን ቢሆን እልልታዋን ታቀልጠው ነበር፤ ስቅለት የሐዘን ቀን ስለሆነ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። «ልጄ ብርሃን ታያት! ስትሰግድ ብርሃን ወረደላት!» ማለቷ ከአንዷ ወደ አንዷ ሲተላለፍ ሰማሁ። እኔ ከኀፍረቴ የተነሣ ነጠላዬን እስከ አገጬ ድረስ ሳብኩት። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «አያችሁ ትሕትናዋን! ሸፈነችው!» አለች።

ለፋሲካ ቤታችን ሞላ። አንዷ ጫካ ስላለ ልጇ፣ ሌላዋ ስለ መካን ምራቷ፣ ሌላዋም ስለ ጠፋ በሬዋ ልትጠይቀኝ ትመጣለች። እኔ የምመልሰው ስለማይገኝ አንገቴን ደፍቼ ዝም እላለሁ። ዝም ባልኩ ቁጥር ቅድስናዬ ይጨምራል። ስለ በሬው የጠየቀችው ሴት፣ «ዝም ያለችኝ ታርዷል ለማለት ነው» ብላ እያለቀሰች ወጣች። በማግሥቱ በሬው ተገኘ፤ ያንንም የኔ ጸሎት ነው አሉት።

እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ብልጭታው ከመጣ ወዲህ ጥላሸት የበተኑብኝ ይመስል ጥቁር ነጠብጣብ በዓይኔ ላይ ይዋኛል። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት ደጃፍ ተቀምጬ ሙዳይ ስሰፋ፣ በአፍንጫዬ በኩል ከታች ጥቁር ነገር ሲወጣ አየሁ። ስፌቱን ከፍ አደረግሁት፤ ጥቁሩም አብሮ ወጣ። የሙዳዩ እግር ጠፋኝ። በእጄ ስዳብሰው አለ፤ በዓይኔ ግን የለም።

ገብቼ ለእትዬ ነገርኳት። «እትዬ፣ መጋረጃ ዓይኔ ላይ እየወጣብኝ ነው።»

«የምን መጋረጃ? የቤተ መቅደሱ መጋረጃ ነው? በስቅለት የተቀደደው?»

«አይደለም እትዬ። ልታወር ነው መሰለኝ።»

እትዬ እንደ ቆመች ዱካው ላይ ዘፍ አለች። 

መልስ የመጣው ከግድግዳው ወዲያ ነው። የጎን ክፍላችንን የተከራየው ተስፋይ የአሥመራ ሰው ነው፤ በጣሊያኖቹ ጤና ቤት ውስጥ ያስተረጉማል። የጭቃ ግድግዳ ምሥጢር አይጠብቅም።

«ዋይ፣ እትዬ ጥሩወርቅ! የጤና ቤታችን ጣሊያን ሐኪም በገዛ አገሩ የዓይን ሐኪም ነው። እዚህ የወታደር እግር ሲያጥብ ይውላል። ዓይን ከናፈቀው ቆይቷል፤ አምጭያት!»

«ጣሊያን ዓይኗን ሊነካ? አባቷ ጫካ ሆኖ? አንተ ተስፋይ፣ አብደሃል?»

«ዓይኗ ላይ የአባቷ ስም አልተጻፈበትም። ከጠየቁኝ የሚስቴ እኅት ናት እላለሁ።»

«ሚስት የለህም!»

«እነሱ አያውቁ!»

እትዬ ሳቋ አመለጣት። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፤ ሄድን። በጤና ቤቱ በር ላይ ዘበኛው አስቁሞን ከተስፋይ ጋር ሲነጋገር የእትዬን ነጠላ ጨብጬ ቆምኩ። በኋላ እንደሰማሁት ዘበኛው፣ «እኅቷ እንዲህ ካማረች ሚስትህንማ ለምን ደበቅካት?» ነበር ያለው።

ሐኪሙ አጭር፣ ራሰ በራ፣ ትንባሆ ትንባሆ የሚሸት ሰው ነው። ውኃ መሳይ መድኃኒት ዓይኔ ላይ ጠብ አደረገና ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ።

ተስፋይ፣ «ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እይ ይላል» አለኝ።

«የቱን ሥዕል?»

«በፊት ለፊትሽ ያለውን፣ ትልቁን!»

«እኔ ሥዕል አይታየኝም፤ ግድግዳውም አይታየኝም።»

ሐኪሙ ሲተረጎምለት ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረደ። መካከሉ የተበሳ ትንሽ መስታወት ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ በመብራት እያበራ፣ ፊቱን ወደ ፊቴ አስጠጋ፤ አስጠጋ፤ አፍንጫው አፍንጫዬን ሊነካ ደረሰ። የወንድ ፊት እንዲህ ቀርቦኝ አያውቅም፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ክፈቺ ይላል።»

ከፈትኩ። ቀረበ። ጨፈንኩ።

«ክፈቺ!»

እትዬ ከጀርባው ዱላዋን ይዛ ቆማ፣ «ይህ ሰውዬ ከዚህ በላይ ከቀረበ…» አለች። ተስፋይ ይህንን አልተረጎመም። እኔ ሳቄ መጣ፤ ስስቅ ፍርሃቴ ለቀቀኝና ዓይኔን ከፍቼ ያዝኩለት። ቀኝ እይ፣ ላይ እይ፣ ታች እይ ይላል። አንድ ጊዜ ግራና ላይ፣ አንድ ጊዜ ቀኝና ላይ። በመጨረሻ «አ!» ብሎ ጭኑን መታ። የጠፋ በጉን ያገኘ ሰው ይመስል ነበር።

ወረቀት አውጥቶ በቀይና በሰማያዊ እርሳስ ሣለ፤ ወረቀቱን ከአፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ አየሁት። ተስፋይ ተረጎመ። «የሰው ዓይን እንደ ሎሚ ክብ ነው። ያንቺ እንደ እንቁላል ረዝሟል ይላል። ሩቅ የማይታይሽ ለዚህ ነው። ከውስጡ በኩል ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ። ዓይኑ ሲረዝም ሽፋኑ ተወጥሮ ይሳሳል። ከላይ፣ ከጠርዙ አጠገብ ተቀዷል። በቀዳዳው ውኃ ገብቶ ሽፋኑን ከቦታው እየገፈፈው ነው። መጋረጃ ያልሽው እሱ ነው።»

ይህን ስሰማ የአባባ ግቢ ታየኝ። አፌ ሳላዘው፣ «እንደ ብራና ነው» አለ።

«ምን አልሽ?»

«ብራና ሲወጠር ቆዳው የሳሳበት ቦታ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ቶሎ ካልሰፉት መወጠሩ እየጎተተ ያሰፋዋል።»

ተስፋይ ሲተረጉምለት ሐኪሙ ብድግ ብሎ እጄን ጨበጠኝ። እትዬ ግን ሐሳቧ ሌላ ነበር። «ብርሃኑስ? ብርሃኑን ጠይቀው።»

ተስፋይ የሐኪሙን መልስ ተረጎመ። «ያ ሽፋን ብርሃን እንጂ ሌላ ቋንቋ አያውቅም። ሲጎተት አመመኝ ማለት ስለማይችል ብርሃን ብሎ ይጮኻል።»

«ታዲያ ከሰማይ አይደለም?» አለች እትዬ፤ ድምፅዋ ቅሬታ ነበረበት። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «ቢሆንም ማስጠንቀቂያውን የላከ እግዚአብሔር ነው» ብላ ራሷን አጽናናች። እኔም እስከ ዛሬ ከእሷ ጋር ነኝ።

መድኃኒቱ እሳት ነው። ከዓይን ኳስ ውጭ በኩል፣ በቀዳዳው ትክክል፣ በጋለ ቀጭን መርፌ ይተኮሳል፤ ቁስሉ ሲድን ሽፋኑን ይለጥፈዋል። ሐኪሙ ትደነግጣለች ብሎ እትዬን ያያል፤ እትዬ ግን ፊቷ በራ። «መተኮስማ የኛው መድኃኒት ነው! እኔ ራሴ ለትከሻዬ ሁለቴ ተተኩሻለሁ!»

ሆኖም እንደሚድን ሐኪሙ አልማለልንም። ግማሽ ተስፋ ነው፤ ካልተነካ ግን ቀኙ ዓይን በሙሉ ይጠፋል፤ ሲዘገይ ተስፋውም ይቀንሳል አለ። እትዬ፣ «ዲማ ልከን አባባን ሳናስፈቅድ እንዴት ይሆናል?» አለች። መልእክተኛ ደርሶ እስኪመለስ መጋረጃው እንደማይጠብቀኝ አወቅሁ። በዕድሜዬ ስለ ራሴ ተጠይቄ አላውቅም፤ ያን ቀንም የጠየቀኝ የለም።

«ይተኮስ» አልኩ።

በማግሥቱ ተተኮሰ። ጠብታው አደንዝዞኝ ስለነበር ሕመሙ ያን ያህል አይደለም፤ የሚያስፈራው የገዛ ራስን ሥጋ ሽታ ማሽተት ነው። ሐኪሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያንጎራጉር ነበር። በሩ ላይ እትዬ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ሁለቱ ድምፆች አንዳንዴ ይገጥሙ ነበር።

ከባዱ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ጤና ቤቱ የወታደር ስለሆነ በቃሬዛ ወደ ቤት ወሰዱኝ። ሁለቱም ዓይኖቼ ታሰሩ። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ጭንቅላቴ ወዲያ ወዲህ እንዳይል ግራና ቀኙ በጤፍ ከረጢት ተደግፎ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ እንድተኛ ታዘዝኩ። መነሣት ክልክል፤ ማጎንበስ ክልክል፤ ማስነጠስ እንኳ ክልክል። «የተለጠፈው ሳይደርቅ ከተነቃነቀች ይገነጠላል፤ ደግሜ መሥራት አልችልም» ብሏል።

እንግዲህ አገራችንን ታውቃላችሁ። ሰው ታመመ ከተባለ ሊጠይቅ የማይመጣ ማን ነው? ደግሞ ብርሃን የታያት ልጅ! በመጀመሪያው ቀን አንድ ቄስ ገቡ። የመቋሚያቸውን ድምፅ ስሰማ ወገቤ ብድግ ሊል ሲል እትዬ በሁለት እጇ ደረቴ ላይ ወደቀችብኝ።

«ተኝ አንቺ!»

«ቄሱ ናቸው እኮ እትዬ!»

«ቢሆኑስ!»

ቄሱም እንደ ወጉ፣ «ኧረ በማርያም አትነሺ» አሉ። ግን እናንተም ታውቃላችሁ፣ አትነሺ የሚባለው የተነሣ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ እትዬ መቀነቷን ፈትታ ከአልጋው ጋር አሰረችኝ። ለጠያቂው ሁሉ፣ «አክባሪ ልጅ ስለሆነች ነው ያሰርኳት» ትላለች።

አንድ ቀን እትዬ መቀነቷን ታጥቃ ገበያ ወጣች። ብቻዬን ነበርኩ። ደጅ የበቅሎ ኮቴ ቆመ። ከዚያ ያቺን ሳል ሰማሁ፤ ከሺህ ሳል መካከል የማውቃትን።

«ቤቶች!»

አባባ ናቸው። ከዲማ ድረስ መጥተዋል። እግራቸው ወለሉን ሲረግጥ ሰውነቴ በሙሉ ልነሣ ተነሣሣ። በሁለት እጄ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጬ ራሴን ያዝኩ።

«ደብሪቱ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባባ። እንደምን አሉ?»

ቆመው እየጠበቁ ነው። እንድነሣ፣ ጉልበታቸውን እንድስም።

«ዲማ ድረስ የሰማሁት ወሬ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «አንደኛው ብርሃን ወርዶላታል የሚል ነው። ሁለተኛው ዓይኗን ለጣሊያን እሳት ሰጠች የሚል ነው። ወንድ ልጄ ጫካ እያለ! ሳታስፈቅጅኝ! አሁን ደግሞ አያትሽ ቆሞ አንቺ ትተኛለሽ?»

በሕይወቴ ለአባባ «እሺ» እንጂ ሌላ ቃል ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ግን፣ «አባባ፣ አልነሣም» አልኩ።

«ምን?»

«አልነሣም። ብራናው አልደረቀም።»

አንዴ ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አቃተኝ። «ዓይኔ ውስጥ እንደ ብራና ያለ ስስ ነገር አለ። ሲወጠር ሳስቶ ተቀደደ። ብርሃን ያልነው ሲጎተት የሚጮኸው ነው። እርስዎ ቀዳዳ ሲያዩ ሳይውል ሳያድር አይደል የሚሰፉት? እኔም መልእክተኛ ዲማ ደርሶ እስኪመለስ ብጠብቅ መላው ይገፈፍ ነበር። ስለዚህ ሳላስፈቅድ አስተኮስኩት። አሁን ብነሣ ይገነጠላል።»

በትሩ ወለሉን አንድ ጊዜ መታ። ከዚያ አባባ በሌላ ድምፅ፣ ብራና ሲመረምሩ በማውቀው ድምፅ ጠየቁኝ።

«ቀዳዳው የት ላይ ነው? መሐሉ ላይ?»

«ከላይ፣ ከጠርዙ አጠገብ።»

«እህ። ከጠርዝ ይሻላል። ከመሐል ቢሆን ጽሕፈት ያበላሽ ነበር።» ጥቂት አሰቡ። «የጠገኑትን ከነኩት መልሶ ይከፈታል። እስኪደርቅማ አይነካም። ማነው ያልደረቀ ብራና የሚነቀንቅ? እብድ ነው?»

ከዚያ አልጋው ጥግ ላይ አንዳች ነገር ሲወጣ ተሰማኝ። በኋላ እትዬ እንደነገረችኝ፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ አንዱን ጉልበታቸውን ወደ ፊቴ አምጥተውታል።

«ይኸው ጉልበቴ መጣልሽ። ሳሚና እንገላገል፤ ቶሎ በይ፣ ልወድቅ ነው!»

ሳምኩት። እትዬ ከገበያ ስትገባ አባቷ በአንድ እግር ቆመው፣ አንዱን እግራቸውን አልጋ ላይ ሰቅለው አገኘቻቸው። ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ።

አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ድምፃቸው ይሰማኛል። «በዚህ ቤት ለማንም አይነሣም! ለኔም አልተነሣችም፤ ላንተማ!»

ሐኪሙ ማሰሪያውን የሚፈታበት ቀን ሲደርስ አባባ ልከተል አሉ። ነገር ግን የጣሊያንን ግቢ እግሬ አይረግጥም ብለው ምለዋል። ምን ያድርጉ? በበቅሏቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ገቡ። ተስፋይ ለዘበኛው ምን እንዳለው አላውቅም፤ እሳቸው ግን እስከ ክፍሉ ደጃፍ ድረስ ጋልበው በዚያው በበቅሎ ላይ ቆሙ።

ጨርቁ ተፈታ። ብርሃኑ ወጋኝ፤ እንባዬ ወረደ። ሐኪሙ ጣቱን በአፍንጫዬ በኩል ከታች አደረገ።

«አየሁት» አልኩ። «ሁለት ጣት።»

መጋረጃው የለም። እትዬ የስቅለት ዕለት የቆጠበችውን እልልታ በዚያ ከፈለችው፤ ወታደሮቹ ምን መጣ ብለው ብቅ ብቅ አሉ። ሐኪሙ ደግሞ በመሳቢያው ካለው የመነጽር መስታወት እየመረጠ አፍንጫዬ ላይ ይሰካል፣ ያወጣል፣ ይሰካል። ድንገት ጉሙ ተገፈፈ። ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል መርከብ ነው። እትዬ ጉንጯ ላይ ጠቃጠቆ አላት። ወደ በሩ ዞርኩ።

በቅሎ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ይስቃሉ። ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ ዓይናቸውን ሁሉ የሚያጨማድድ ሳቅ። እኔ አባባን የማውቃቸው በነጭ ጥምጥም፣ በሳልና በቁጣ ድምፅ ነው። ለካስ ይህን ሁሉ ዘመን ሲቆጡኝ ዓይናቸው ይስቅ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያላየሁት።

ሐኪሙ መነጽሩን ለኔው ትቶልኝ፣ «ተነሺ፤ ግን ከእንግዲህ ማጎንበስ፣ መሸከም፣ መስገድ የለም» አለ። ተነሣሁ። ቀስ ብዬ ወጣሁ። በቅሎዋ አጠገብ ስደርስ የአባባ ጉልበት ከአፌ ትክክል ነበር። ሳላጎነብስ ሳምኩት። የእሳቸውም መሐላ አልፈረሰ፣ የሐኪሙም ትእዛዝ አልፈረሰ።

ጣሊያን ወጣ፤ ሐኪሙም ከሰዎቹ ጋር ሄደ። የአባቴ ጠላት ነበር፤ የዓይኔ ወዳጅ ነበር። ሁለቱንም አልክድም። አባቴ በሰላም ተመልሶ መነጽሬን ሲያይ፣ «ይህን ምርኮ ከኔ ቀድመሽ ወሰድሽ» ብሎኛል።

እናንተ የምታነቡልኝ፣ ልጃችሁ መጽሐፍ ከአፍንጫው ላይ አስጠግቶ ካነበበ መንፈሳዊ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሩቁን ተራራ ያይ እንደሆነ ጠይቁት። ብልጭታ፣ ጥላሸት፣ መጋረጃ ያየ ሰው ቢያጋጥማችሁ ደግሞ ጸልዩለት፤ ግን እየጸለያችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

እኔ ዛሬም ዓይነ አፋር ነኝ፤ መነጽሩ ያንን አላስለቀቀኝም። ግን የሰው ፊት አያለሁ፤ አብዛኛው ሰው እኔ እንደፈራሁት አይደለም። ታላቅ ሰው ሲገባም ብድግ አልልም፤ ቀስ ብዬ ነው የምነሣው። የማያውቁኝ ኩሩ ናት ይላሉ። አባባ ካሉ ግን ከጥግ ሆነው፣ «ተዋት፤ ብራና ነው» ይላሉ፤ ዓይናቸውም ይስቃል፤ እኔም አያለሁ።